በሰማያዊ ክር የተሰፋው መልስ

ይህች ከተማ የውጤት ጠባቂዎች ከተማ ናት። ሰዉ ሁሉ የሆነ ነገር ተፈትኖ፣ ወይ አመልክቶ፣ ወይ ተመዝግቦ፣ ስልኩን በመዳፉ እያሞቀ ይጠብቃል። ሩቅ ሳልሄድ የእኛን ብሎክ ልንገራችሁ። አንደኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ የመንጃ ፈቃድ ውጤት ይጠብቃል። ከእሱ በላይ ያለችው ሴትዮ የላቦራቶሪ ውጤት ትጠብቃለች። ከእሷ በላይ ያሉት ባልና ሚስት የቪዛ መልስ ሲጠብቁ ሁለት ልጅ ወልደዋል። አራተኛ ፎቅ ያለው ጎረምሳ ደግሞ በጽሑፍ የለመናት ልጅ እስክትመልስለት ይጠብቃል፤ የእሱ እንኳን ውጤቱ ከታወቀ ቆይቷል፣ ከእሱ በቀር ያልሰማ የለም።

ጠባቂ በበዛበት ቦታ ረዳት ሞልቷል። «እንዲህ ብታደርጊ»፣ «እዚያኛው ቢሮ ብትሄጂ»፣ «እኔ የማውቀው ሰው አለ» የሚል ደግ ሰው በየደረጃው ላይ ተቀምጧል። እኔ ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ ክፉ ሰው አያስፈራኝም። ከክፉ ሰው መሸሽ ይቻላል፤ በር ትዘጋላችሁ፣ ስልክ አታነሱም፣ በሌላ መንገድ ትዞራላችሁ። ደግ ሰውን ግን በየት በኩል ትሸሹታላችሁ? በተለይ መቀስ የያዘ ደግ ሰውን። ይህን ስል ማንንም እያማሁ አይደለም። ስለ ራሴ ነው የማወራው።

ብዙነሽ እባላለሁ። ቦሌ ቡልቡላ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ ልብስ እሰፋለሁ። ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል አቋርጫለሁ፤ ማንበብን ግን አላቋረጥኩም። የልብስ ቅድ የማወጣው በአሮጌ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣውን ሳላነብ መቁረጥ ስለማልችል አንድ ቀሚስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፤ ደንበኞቼ ጥንቃቄ ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ ሾላ ገበያ በርበሬ የተጠቀለለበት ወረቀት የአንድ ልብ ወለድ መሃል ሆኖ ተገኘና፣ መጨረሻውን ፍለጋ ከዚያችው ነጋዴ በርበሬ እየገዛሁ ከረምኩ። መጨረሻውን አላገኘሁትም፤ በርበሬው ግን እስከ ዛሬ አለ። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ከሆነ የመድኃኒት ማሸጊያም ቢሆን አይቀረኝም። እንግሊዝኛ ብቻ ነው ያልሆነልኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ሲሰበሰቡ ነው የሚክዱኝ።

አማረች የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ያለችው ሆሳዕና ነው፤ ልጅቷ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ከመጣች ጀምሮ እኔ ዘንድ ናት። አራት ዓመት ነርስነት ተምራለች። ነጭ ጋውኗን የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ ኪሱ ላይ ስሟን በሰማያዊ ክር ጠልፌበታለሁ። ይኸው ጋውን በላስቲክ ተሸፍኖ ከሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። አልፎ አልፎ ደንበኛ ቀና ብሎ «ይሄ ይሸጣል?» ይለኛል። «ባለቤት አለው» እላለሁ። «መቼ ነው የምትወስደው?» የሚል ደግሞ አይጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲግሪው ብቻውን አያስቀጥርም። የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ፈተና አለ፤ ፈተናው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፣ ለያንዳንዱ ጥያቄ አራት ምርጫ ይሰጣል። አማረች ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቱንም ጊዜ ለጥቂት ወደቀች። ለጥቂት እንደመውደቅ ያለ ክፉ ነገር አላየሁም። በብዙ የወደቀ ሰው እርሙን አውጥቶ ሌላ እንጀራ ይፈልጋል። ለጥቂት የወደቀ ግን ያቺን ጥቂት ሲፈልግ ዕድሜው ያልቃል።

ለሦስተኛው ፈተና ስትዘጋጅ ግን ፊቷ ላይ ሁለት በር ተከፍቶ ነበር። አንደኛው ላምበረት ነው። በተማሪነቷ ልምምድ የሠራችበት የግል ክሊኒክ ኃላፊ፣ ሽማግሌ ሐኪም ናቸው፣ እጇን ወደውት «የዚህ ዙር ውጤት እስኪወጣ ቦታሽን ይዤ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አልችልም» ብለዋታል። ሁለተኛው ዓረብ አገር ነው። አብረዋት የተመረቁ ሁለት ልጆች ተስፋ ቆርጠው በቤት ሠራተኝነት ሄደዋል፤ የወኪላቸውን ቁጥር ስልኳ ላይ ልከውላታል። ቁጥሩን አላጠፋችውም። ወይ ላምበረት፣ ወይ ዓረብ አገር። በመሃል ያለሁት እኔ ነኝ።

ፈቃድ እንደሌላት ብሎኩ በሙሉ ያውቃል። ብሎኩ በሙሉ ደግሞ እጅጌውን ጠቅልሎ ይመጣል። የደም ግፊት የሚለካው፣ ሐኪም ያዘዘለትን መርፌ የሚወጋው፣ የልጁ ትኩሳት ያስደነገጠው፣ ሁሉም «አማሬ አለች?» ብሎ ነው ሱቄ የሚገባው። ሕግ ጠያቂ ቢመጣ ታሳሪው ከወለል እስከ አራተኛ ፎቅ ነበር። ከሁሉም የማይቀሩት ጋሽ በቀለ ናቸው። ድሮ ከላምበረት የሚነሳ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዱ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ሚስታቸው ሞታለች፣ ስኳር አለባቸው፣ እግራቸው ላይ ደግሞ አልድን ያለ ቁስል። በየማለዳው ይወርዱና የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይዘረጋሉ፤ አማረች አጥባ በፋሻ ትጠቀልልላቸዋለች። ጣታቸው ይቆረጥ ተብሎ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አለ። «ዶክተር» ነው የሚሏት። «ጋሼ፣ እንደሱ አይበሉኝ» ትላለች አንገቷን ደፍታ። «እሺ ዶክተር» ይላሉ።

አሁን ወደ መቀሴ እንምጣ።

አማረች ፈተናውን ካለፈች ጓደኛዋ የጥያቄ መጽሐፍ ተውሳ ፎቶ ኮፒ አስነሳች። ጡብ የሚያክል ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ መልሱ ተደርድሯል፤ ማብራሪያ የለው፣ ምን የለው፣ የጥያቄው ቁጥርና አንድ ፊደል ብቻ። የአማረች ችግር ዓይኗ ነው፤ ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ መልሱን ገልጣ ታያለች። ይህን ሳይ ወደ ሙያዬ ገባሁ። መጽሐፉን ገበር እንደማወልቅ አድርጌ ጀርባውን ፈታሁት። የመልሱን ወረቀቶች ለብቻ አወጣሁ። የፎቶ ኮፒው ጠርዝ ጥቁር ጥቁር ብሎ፣ አንዳንዱም ወደ ጎን ዘሞ ነበር። ጠማማ ጠርዝ አይቼ ማለፍ አልችልም፤ የሥራ በሽታዬ ነው። ዙሪያውን በመቀስ ከርክሜ አስተካከልኩት። ከዚያ ወረቀቶቹን ደራርቤ በሰማያዊ ክር ሰፋሁ፣ ከሱሪ ገበር ሽፋን ሠራሁለት፣ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። እንዲህ ያማረ የመልስ ደብተር በዚህ አገር ያለው ሰው እኔ ብቻ እንደሆንኩ እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄ የፈተና ክፍል ሆነች። እኔ እሰፋለሁ፤ አማረች ከበርጩማዋ ላይ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ ለእኔ ብላ በአማርኛ ትደግመዋለች፣ ፊደሉን ትናገራለችና ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እኔ መኪናውን አቁሜ የመልስ ደብተሬን እገልጣለሁ። ከተሳሳተች በቀይ እስክሪብቶ እሰርዝና ትክክለኛውን አሥር ጊዜ አስጽፋታለሁ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ለማየት እንግሊዝኛ ምን ያደርጋል? ዚፕ የሚቀየርላቸው ሴቶች ሳይቀሩ ይገምቱ ነበር። የልብስ ሰፊ ሱቅ ውስጥ ስለ እንግዴ ልጅ አወጣጥ ክርክር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ያሸነፈችው ስድስት የወለደችው ናት።

የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች አማረች እንደ ውሃ ጠጣቻቸው። እንደ አስተማሪ ኮራሁ፤ ለእህቴ ደውዬ «ዘንድሮ ጨርሰናል» አልኳት። እህቴ በየማለዳው ትደውልና ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገን በልጅቷ ራስ ላይ ትጸልያለች። እዚያ በሆሳዕና ሆና ጌታ እንዲከፍትላት ትለምናለች፤ እኔ እዚህ ቁልፉን ኪሴ ይዣለሁ። የእህቴ ጸሎት ከማን መቀስ ጋር ይታገል እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

የውስጥ ደዌ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ልጅቷ ድንገት ደነቆረች። ከአራት ጥያቄ ሦስቱን ትስታለች። የሕፃናት በሽታም ላይ እንደዚያው። ቀይ እስክሪብቶዬ አለቀና ሌላ ገዛሁ። መጀመሪያ ላይ ትከራከረኝ ነበር። አንዱ ክርክራችን አይረሳኝም። ጥያቄው ስለ አንድ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ሰውየው መርፌውን ወግቶ ምግብ ሳይበላ ቆይቷል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባጥራል፣ መዋጥ ግን ይችላል፤ ነርሷ በመጀመሪያ ምን ታደርጋለች? አማረች ሳታስብ «ቢ፤ ጣፋጭ ነገር ታጠጣዋለች» አለች። ደብተሬን አየሁ። ሲ ይላል። ሲ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ደም ወስዶ ላቦራቶሪ መላክና ውጤቱን መጠበቅ ነው።

«አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ውጤት ሲጠበቅ ይሞታል» አለች።

«ወረቀት ላይ ማንም አይሞትም። ሲ ነው።»

«ሆስፒታል ያየሁት እንደዚህ አይደለም።»

«ሆስፒታሉ ሁለት ጊዜ ጣለሽ ወይስ ፈተናው? ጻፊ።»

አሥር ጊዜ ጻፈች።

እንዴት አመነችሽ እንዳትሉኝ። ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ከራሱ በስተቀር ሁሉንም ያምናል። ደግሞም ተፈታኞቹ እርስ በርሳቸው የሚቀባበሉት ወሬ አለ፤ የሆስፒታል መልስ ሌላ ነው፣ የፈተና መልስ ሌላ ነው ይላሉ። አማረችም ቀስ በቀስ ይህን ተቀበለች። «ምናልባት መጀመሪያ ማረጋገጥን ነው የሚፈልጉት» ትላለች ለራሷ። ክርክሩ ቀረ። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱን መልስ በጥያቄ ትመልስልኝ ጀመር፤ «ቢ...ነው እንዴ?» እያለች ከጥያቄው ይልቅ የእኔን ቅንድብ ታነባለች። ምሳዋን ትተዋለች። የጋሽ በቀለን ፋሻ ስትጠቀልል ሁለት ጊዜ ፈትታ እንደገና ስትጠቀልል አየኋት። ድካም ነው አልኩ። ትንሽ ጠበቅ ባደርጋት ይስተካከላል አልኩ። ጠበቅ አደረግኋት።

ለፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ጋሽ በቀለ ከውጭ መጡና ሱቄ ገቡ። ማለዳ የስኳር መርፌያቸውን ወግተው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ለጡረታ ጉዳይ ቢሮ ሰልፍ ይዘው ቆይተዋል። ወረፋዬ ያልፈኛል ብለው ዳቦ እንኳን ለመግዛት አልወጡም። ተቀመጡ። ሸሚዛቸው ደረታቸው ላይ በላብ ተጣብቋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔን አዩኝና በሟች ሚስታቸው ስም ጠርተው «አውቶቡሱን ማን አነሳው?» አሉኝ።

አማረች ከበርጩማዋ ተነስታ ነበር፣ ስትነሳ አላየኋትም። የሻይ ስኳሬን አንስታ ብርጭቆ ውስጥ ገልብጣ ውሃ ጨምራ ስታማስለው አየሁ። ያ ሁሉ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ወሰደች፤ አፋቸው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ቆመች ነው የምላችሁ። ብርጭቆው እጇ ላይ ነው፣ የሰውየው ላብ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፣ እሷ ዘወር ብላ አየችኝ። ፊቷ የሰው ፊት አይመስልም።

«አክስቴ» አለች በቀስታ፣ «ሲ ነው ያልነው?»

ጋሽ በቀለ ወደ ጎን ዘንበል ማለት ጀመሩ። «ተይው!» አልኳት፣ «ወረቀቱን ተይው፣ ስጪያቸው!» ያን ጊዜ ነው ብርጭቆውን ያስጎነጨቻቸው። በትንሽ በትንሹ፣ ጭንቅላታቸውን ደግፋ፣ እየጠራቻቸው። ቆይተው ላባቸው ደረቀ፤ ዙሪያቸውን አዩ። «ብዙነሽ» አሉኝ፣ «ሻይ ካልሽው ቅጠሉ የታለ?» ሳቅን። ሦስታችንም ሳቅን፤ የአማረች ሳቅ ግን መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ፊቷን ለእግራቸው ባስቀመጠችው ፋሻ ሸፈነች።

ጋሽ በቀለ የዳኑት በቢ ነው። እኔ ልጅቷን አሥር ጊዜ ያስጻፍኳት ሲ ነው። ጋሽ በቀለ ደግሞ ወረቀት አይደሉም።

ሱቁን ለእሷ ትቼ፣ የመልስ ደብተሬን በጉያዬ ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ። ዋናው መጽሐፍ ለሌላም ተፈታኝ ይባዛል ተብሎ እዚያው መደርደሪያ ላይ ቀርቶ ነበር። እንግሊዝኛ ባላውቅም ቅድ ማመሳሰል አውቃለሁ፤ የምዕራፉን ስም ፊደል በፊደል፣ የመልሱን ዓምድ ረድፍ በረድፍ ጎን ለጎን አድርጌ አስተያየሁ። ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። በመጽሐፉ ላይ በእያንዳንዱ የመልስ ወረቀት አናት፣ ጠርዙ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል የምዕራፉ ስም አለ። የእኔ ላይ የለም። ቆርጬዋለሁ። ጥቁር ጥቁር ያለ ጠማማ ጠርዝ ነበራ። ስሙን ከቆረጥኩ በኋላ ስደራርባቸው የውስጥ ደዌውንና የሕፃናቱን አቀያይሬ ሰፍቻቸዋለሁ። ሁለቱም ምዕራፎች እኩል ጥያቄ ነው ያላቸው፣ ቁጥሩ ገጥሟል፣ ስፌቱ አምሯል። አንዲት ነርስ የአዋቂውን ሕመም በትክክል ስትመልስልኝ፣ እኔ በሕፃን መልስ ስሰርዝባት ከርሜያለሁ።

ያኔ ወዲያው ነገርሻት ወይ? ሰው መሆኔን አትርሱ። በማግስቱ ማለዳ፣ እሷ ጋሽ በቀለን ልታይ ፎቅ ስትወጣ፣ ፈትቼ በትክክለኛው ቦታ መልሼ ሰፋሁት። ስትመለስ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ «እስቲ ያቺን ምዕራፍ ደግመን እንያት» አልኳት። እንዳዘዝኳት በቃሏ ያጠናችውን መለሰችልኝ። «ኤ»። ስህተት ነው አልኳት። ቀጣዩን «ዲ» አለች። እሱም ስህተት ነው። «አክስቴ፣ ባለፈው ዲ ነው ብለሽኝ ነበር።» ተሳስቼ ነው አልኩ። ሦስተኛውን ሳትመልስ መጽሐፉን ከድና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ጠርዙ የጠመመ ልብስ ደግማችሁ ብትቆርጡት ያጥራል እንጂ አይቃናም። እያሳጠርኳት እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ነገርኳት። መቀሱን፣ ጠርዙን፣ ክሩን፣ ሁሉን። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህብኝ እንዴት በተሻለኝ። ደብተሯን አወጣችና እኔ በቀይ የሰረዝኩትን መልስ ከአዲሱ ስፌቴ ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ጀመረች። ቢ። ቢ። ዲ። ኤ። ከሥር ከሥር በጣቷ እየሄደች። ከቀዩ ሥር ያለው ሁሉም ለማለት ይቻላል ትክክል ነው። ከዚያ ቀና ሳትል፣

«እኔ እኮ አውቀው ነበር» አለች።

ይኸው ነው ያለችው። ይህችን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ጡቴ ሥር ይዣት እዞራለሁ።

በቀረን ቀናት ያልሞከርነው የለም። እኔ ከማስጠናት ተሰናበትኩ፤ መልሱን ለራሷ ሰጠኋት። እህቴ ጾም ያዘች። ስለ መቀሱ አልነገርኳትም፤ አማረችም አልነገረቻትም። በፈተናው ቀን ፈተናው እስከሚሰጥበት ኮሌጅ በር ሸኘኋት፣ አጥሩ ሥር ከሌሎች እናቶችና አክስቶች ጋር ተቀመጥኩ። እያንዳንዷ የራሷን ልጅ ብልህነት ታወራለች። እኔ ዝም አልኩ። ብዙነሽ ዝም አለች ብትሏቸው ብሎካችን ውስጥ የሚያምናችሁ የለም።

ስትወጣ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ በመስኮት እያየች «እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ሁለት ድምፅ ነበር፤ የኔና ያንቺ» አለችኝ። የማንን መረጥሽ አልኳት። «አንዳንዴ የኔን» አለች።

ለጥቂት ወደቀች። ከበፊቶቹ ሁለቱ ሁሉ ያነሰች ጥቂት።

ላምበረት ሄድኩ፤ እሷ ሳታውቅ። ሽማግሌውን ሐኪም አስፈቅጄ ገብቼ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ልጅቷ ታውቅ እንደነበር፣ ያላወቅኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ጥፋቱ የመቀስ እንጂ የጭንቅላት እንዳልሆነ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ደግ ሰው ናቸው። «እጇን አውቀዋለሁ፤ ያለ ፈቃድ ግን እኔም ክሊኒኬን አጣለሁ» አሉኝ። በሩ ላይ ስደርስ አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ነጭ ጋውን ለብሳ አለፈችኝ። ትከሻው ሰፍቷታል። ላጥብብላት እጄን በላኝ።

አራተኛ ጊዜ ተፈተኚ ብዬ ለመንኳት። ጋሽ በቀለም ለመኗት፣ ስድስት የወለደችውም ሳትቀር ለመነቻት። «ጥያቄው አይደለም የሚያስፈራኝ» አለች። «መልሴን ሳገኘው ነው የምፈራው።» ለወኪሉ ደወለች።

ለጉዞው የጤና ምርመራ ያስፈልጋል ተብሎ ወደ ቦሌ ወጣ ብለን አንድ ምርመራ ቤት ሄድን። ደም የምትወስደው ነርስ ልጅ እግር ናት፤ ፈቃዷ በመስታወት ተለብጦ ከጀርባዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የአማረችን ክንድ አሰረችና ወጋች፤ ደሙ እምቢ አለ። እንደገና ወጋች፤ እምቢ አለ። ግንባሯ ላብ አቸፈቸፈ፤ ከኋላችን ሰልፉ ረጅም ነው። አማረች በነጻ እጇ ጣት ክርኗ አጠገብ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ «እኅቴ፣ እዚህ ጋ ነው፤ መርፌውን ትንሽ ዝቅ አድርጊው» አለቻት። ደሙ ወዲያው መጣ። ልጅቷ እፎይ ብላ ፈገግ አለች።

«አንቺም ነርስ ነሽ እንዴ?»

አማረች ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን መስታወት አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ልክ ያን ቀን ብርጭቆውን ይዛ እንዳየችኝ። ስጪያቸው የምለው ስኳር የለኝ።

«አይ» አለች፣ «እንዲሁ ነው።»

ሄደች። እነሆ መንፈቅ አለፈ። የምትሠራው አንዲት የአልጋ ቁራኛ አሮጊት ያሉበት ቤት ነው። ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች፤ ጀርባቸው እንዳይቆስል ትራስ ታቀያይርላቸዋለች። ወረቀቷ ላይ የቤት ሠራተኛ ይላል። ጥያቄ የሚጠይቃት የለም።

ጋውኑ ግድግዳዬ ላይ አለ። ከብሎካችን አንዲት አዲስ ተመራቂ መጥታ መጽሐፉን አውሺኝ አለችኝ። የመልሱን ወረቀቶች እያንዳንዳቸውን ወደመጡበት ምዕራፍ መልሼ ሰፍቼ ሰጠኋት። ጠርዙ አልገጠመም፤ አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል። በሕይወቴ የሰፋሁት አስቀያሚ ነገር ቢኖር እሱ ነው። መቀሴን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት።

ጋሽ በቀለ አሁንም በየማለዳው ይወርዳሉ። ማን ይጠቅልልላቸው? እኔ ነኛ፤ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት። እጄን ታጥቤ፣ ጓንት አድርጌ፣ ለአማረች በቪዲዮ እደውልና ስልኩን ወደ እግራቸው አዞረዋለሁ። አሁን ጠያቂዋ እሷ ናት። ሽታ አለው? የለውም። ዳርዳሩ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ቀለም እንኳን ሙያዬ ነው፤ የጨርቅ ስም ጠርቼ እመልስላታለሁ፣ ትስቃለች። ጫን ስትዪው ያማቸዋል? እጫናለሁ፤ ጋሽ በቀለ «አይ፣ ዶክተር» ይላሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። «ትክክል» ትለኛለች። ቀይ እስክሪብቶ የላት፣ ወረቀት የላት። ወዲያው ነው የምትመልሰው፤ እንደ ድሮዋ፣ ሳታስብ።

ትናንት ቁስሉ አንድ ጎኑ ላይ ያላየሁት ነገር አየሁ፤ ነጣ ያለ፣ የምስር ፍሬ የምታክል። አዲስ ሥጋ ይሁን መግል አላወቅኩም። ስልኩን አስጠግቼ «አማሬ፣ ይሄስ?» አልኳት። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ወደ ስልኳ ቀረበች። አፏን ከፈተች። ከኋላዋ ደወል ጮኸ፤ ማዳሟ በማላውቀው ቋንቋ፣ የእሷ ባልሆነ ስም ጠራቻት። ስልኩን አስቀምጣ ሮጠች።

ስልኩ ጣሪያ ማሳየት ጀመረ። ነጭ ጣሪያ ነው፣ አበባ የተቀረጸበት፣ መሃሉ ላይ የመብራት ዘለላ። ጋሽ በቀለ እግራቸውን እንደዘረጉ፣ እኔም ፋሻውን እንደያዝኩ፣ ያን የሰው አገር ጣሪያ እያየን ጠበቅን።